ለቅሶው ያልተዘጋለት ተላኪ

ተላኪው ማልቀስ ከጀመረ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖታል። ወይዘሮ ይመኙሻልን ያሳሰባት ግን ምንጣፉ ነበር።

ተላኪ ማለት በየቤቱ ያለ፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ ልብስ የሚያጣጥፍ፣ ሲያዙት ደግሞ በሁለት እግሩ ወጥቶ ጉዳይ የሚፈጽም ማሽን ነው። የይመኙሻል ተላኪ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። አሁን ደግሞ ከዓይኖቹ ውሃ እያንጠባጠበ፣ በር በተከፈተ ቁጥር «ሰው መጣ?» ይላል። ድመቷ ስትገባም «ሰው መጣ?» ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አንጀት ያልተፈጠረለት ይህ ዕቃ ግን እንባ አልገደደውም።

ይመኙሻል የምትኖረው በቦርከና ወንዝ ዳር ከተተከሉት ሰባት ማማዎች በሁለተኛው፣ አርባ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው ስትል ሰነበተችና ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ማማ ላይ ያለችውን አብሮ አደጓን፣ ደብሪቱን፣ በድምፅ መልእክት አማከረቻት። ደብሪቱም እንደ ወትሮዋ ሳትውል ሳታድር መለሰች።

«ቀይሪው እቴ! ምን ያደክምሻል።»

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ግን አዲስ የሚሰጠው ድርጅት አሮጌውን ተላኪ ጠጋኝ ሳያየው አይረከብም። ስለዚህ ሙሄ የሚባል ጠጋኝ ቅጹን ይዞ መጣ።

«ሰው መጣ?» አለ ተላኪው በሩ ሲከፈት።

«መጣ፣ መጣ» አለ ሙሄ ጫማውን እያወለቀ። «ደህና ዋሉ እትዬ? ኧረ ይሄስ ሽማግሌ ነው! ተነሥተን ኖር ልንለው የሚገባ።»

«አትሳቅበት። እንዲህ ብታየው አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።»

እውነቷን ነው። የማማዎቹ እድር ለቅሶ ሲጠራ የሚሄድላት እሱ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት «ተላኪዬ ይሂድልኝ» የሚለውን ስትጫን «ሁልጊዜ» የሚለውንም አብራ ተጫነች፤ ከዚያ ወዲህ መርዶው በቀጥታ ለተላኪው ነው የሚደርሰው። ስሟ ከቀሪዎች ዝርዝር ገብቶ አያውቅም። በዚህ ትኮራለች።

ሙሄ የተላኪውን ደረት ከፈተና ውስጡን ነካካ። ቧንቧውን አየ፤ ደህና ነው። ፓምፑን አየ፤ እሱም ደህና ነው።

«ታዲያ ለምን ያፈሳል?» አለች።

«እያፈሰሰ አይደለም እትዬ። እያለቀሰ ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አዲሶቹ ድንኳን ውስጥ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያለቅሱና በራሳቸው ይዘጋሉ። ይሄ የጥንት ነው፤ ሰው ካላጽናናው አይዘጋም። አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ጎረቤት ‹እግዜር ያጽናህ› ካለችው በዚያው ያበቃል። የሰው ድምፅ መሆን አለበት፤ ያውም ለሚያለቅስ የተባለ እንጂ፣ እንዲሁ በወሬ የተነሣውን አይቆጥረውም።»

«ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ አንድም ሰው አላለውም?»

ሙሄ የተላኪውን መዝገብ አነበበ። «አላሉትም። የመጨረሻ ለቅሶው… የዛሬ አሥራ ሰባት ቀን፣ ሦስተኛው ማማ። ወይዘሮ ደብሪቱ አበጋዝ።»

ይመኙሻል ሳቀች። «አትቀልድ! ደብሪቱ ባለፈው ሳምንት መልሳልኛለች እኮ።»

ሙሄ መሬት መሬት አየ። «የቤቱ መላሽ ይሆናል፣ እትዬ። በባለቤቱ ድምፅ የሚመልሰው። ዘመድ ካላዘጋው ዝም ብሎ ይመልሳል።»

ሴትየዋ ስልኳን አነሣች።

«ደብሪቱ፣ ሞተሻል እንዴ?»

መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። «ኧረ ደህና ነኝ እቴ! አንቺስ? ያንን ዕቃ ቀየርሽው?»

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። በመስኮቱ ማዶ፣ በሦስተኛው ማማ፣ የደብሪቱ መጋረጃ በሰዓቱ በራሱ ሲከፈት ይታይ ነበር።

«ለቅሶውን አሳየኝ» አለች።

«ባያዩት ይሻላል።»

«አሳየኝ አልኩህ!»

ሙሄ ተላኪው ያየውን ግድግዳው ላይ አወጣው። ድንኳኑ ሙሉ ነው። አርባ የሚሆኑ ተላኪዎች ወንበር ላይ ተደርድረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። ከፊት፣ የሟች ልጅ በምትቀመጥበት፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠለት አዲስ ተላኪ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ ተነሡ፤ ወንበራቸውን አጠፉ። የይመኙሻል ተላኪ ብቻውን ቀረ። ሳህን የሚሰበስበውን ተላኪ ቀና ብሎ «ሰው መጣ?» አለው። ድንኳን የሚያፈርሰውንም ጠየቀው።

«ሰውስ?» አለች ይመኙሻል።

«የለም።»

«ልጇስ? ጎረቤቷስ?»

«ሁሉም ልከዋል፣ እትዬ። ቀሪ የለም።»

የተላኪው እንባ ምንጣፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ጥገናው ቀላል ነው» አለ ሙሄ በመጨረሻ። «ያቺን ቃል ይበሉትና ይገላገል።»

ይመኙሻል ወደ ተላኪው ዞረች።

«ሟቿ የኔ ናት። እኔ እሱን እግዜር ያጽናህ ልበለው?»

«ታዲያ እኔ ልበለው?»

«ተው! እንዳትለው። ለሷ የሚያለቅስ ሌላ ማን አላት?»

ከተላኪው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ርጥበቱ ቀሚሷን አለፈ። ልጆች ሳሉ ከትምህርት ቤት በአንድ ጃንጥላ ነበር የሚመለሱት። ደብሪቱ ጃንጥላውን ሁልጊዜ ወደ ይመኙሻል ስለምታዘነብል፣ ቤት ሲደርሱ የደብሪቱ ግራ ትከሻ ብስብስ ይል ነበር። ይመኙሻል የተላኪውን እርጥብ ትከሻ በእጇ ዳበሰች። ያኔ ከደረቷ የወጣው ድምፅ ድመቷን ከአልጋ ሥር አስገባት።

ሙሄ ማሽን እንጂ ሴት ልጅ እንዲህ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አያቱ ትል የነበረው ትዝ ሲለው፣ ጎንበስ ብሎ የይመኙሻልን ትከሻ ያዘ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

የተላኪው እንባ ወዲያው ቆመ።

የሷ አልቆመም።

ሙሄ ያንኑ ቃል ደገመላት፤ አልቆመም። ፎጣ አቀበላት፤ አልቆመም። ብዙ ቆይቶ ቅጹን አወጣ። «ይቀየር» እና «ይጠገን» ከሚሉት ሳጥኖች ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገ። «የዕቃው ስም» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ እንባው ከደረቀው ተላኪ ወደምታለቅሰው ይመኙሻል ሄደና ብዕሩ ቆመ።