አሮጌው ፕሮሰሰር ምን አጠፋ?

በየቤቱ አንድ ቋሚ ተከሳሽ አለ፤ አሮጌው ዕቃ። ውኃ ሲቀጥን «ቧንቧው አርጅቶ ነው»፤ መኪና አልነሳ ሲል «ሞተሩ አርጅቶ ነው»። ነዳጅ ይኑረው አይኑረው ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። ማየት ጊዜ ይፈጃል፣ ወገብ ያሳምማል፤ «አርጅቷል» ለማለት ግን አፍ ብቻ ይበቃል። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። እስኪበርድልኝም አልጠበቅሁም፤ ሰው ንዴቱ ሲበርድለት ጨዋ ይሆንና እውነቱን ያለሳልሰዋል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኞቿ ከሱቅ ገዝተው መልበስ የማይሆንላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ነጋዴ፣ ወገቧ ላይ መደገፊያ ብረት የታሰረላት ተማሪ፣ አንድ እጁን መጋዝ የበላበት አናጢ። እናቴ ሜትሯን ይዛ ልካቸውን ትወስዳለች፤ የልብሱን ንድፍ ኮምፒውተር ላይ ትስላለች፤ በትልቅ ወረቀት አሳትማ ከጨርቁ ጋር ትቆርጠዋለች፤ ወረቀቱ ይጣላል። ሰውየው ሌላ ሸሚዝ ሲፈልግ ንድፉ እዚያው ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛ ልብሱን አውልቆ ሰው ፊት አይቆምም። ይህን ሁሉ የምትሠራበት ኮምፒውተር አሮጌ ነበር። አሮጌ ነበር እንጂ ሰነፍ አልነበረም።

ቀን የእናቴ የሆነው ኮምፒውተር ሲመሽ የታላቅ ወንድሜ ነው። ሰፈሩ «ኮማንደር» ይለዋል። ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያስቆጥር ይውላል፤ ከሥራ ሲመለስ ስክሪን ላይ ከተማ ነፃ ያወጣል። ጨዋታው እየተቆራረጠ ስላስቸገረው ከደሞዙ አጠራቅሞ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዛ። እንደ አራስ ልጅ አቅፎት ገባ። የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈቶ ካርዱን ገጠመ፣ የስክሪኑን ገመድ እንደ ድሮው መልሶ ሰካ፣ ኮምፒውተሩን ገፍቶ ከግድግዳው አጣበቀና ጨዋታውን ከፈተ።

ጨዋታው እንደ ወትሮው ተንቀጠቀጠ። የጠላት ወታደር ዘሎ አየር ላይ ቆመ፤ ሲወርድ ወንድሜ ሞቶ ነበር።

«ፕሮሰሰሩ ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «ያ ሽማግሌ ካርዱን አንቆ ይዞታል።»

«ማን ነገረህ?»

«ይታወቃል። ስንት ዓመቱ ነው? እኔ ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ የተገዛ ነው እኮ!»

«ዕድሜውን ትተህ ሥራውን ጠይቀው» አልኩት። «ፕሮሰሰሩ አሳቢ ነው፤ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ የት እንደወደቀ ያሰላል። ካርዱ ሠዓሊ ነው፤ የተነገረውን ይስላል። ቆራጭ ሲዘገይ ሰፊ እጁን አጣጥፎ እንደሚቀመጠው ነው። ፕሮሰሰሩ ቀርፋፋ ከሆነ ካርዱ ሥራ ፈቶ ይጠብቃል። ሁለቱ ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳይ ፕሮግራም አለ፤ ከፍተን እንይ።»

«አንቺ ደግሞ ሁለት ቪዲዮ አየሽና ኢንጂነር ሆንሽ!»

«ሁለት ያየ ምንም ካላየ ይሻላል።»

«ዶክተር ጋ ደውያለሁ፣ ዝም በይ።»

ዶክተር የሚለው የኮምፒውተር ሱቅ ያለውን ሰውዬ ነው። ሱቁ በር ላይ «የኮምፒውተር ዶክተር» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል፤ ሐኪም ቤት የገባው ግን ታሞ ብቻ ነው። በስልክ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ፕሮሰሰሩ የስንት ዓመት ነው? ወንድሜ ሲነግረው «ኧረ እሱማ ጡረታ መውጣት አለበት! ካርድህን ያንቀዋል። ሙሉውን ይዘህ ና፣ አሮጌውን ተረክቤ፣ ልዩነቱን አስከፍዬ አዲስ እሰጥሃለሁ» አለው። ይኸው ነው ምርመራው። ሳይነካ፣ ሳያይ፣ ሳይሰማ የሞት ፍርድ።

ነገሩ መጀመሪያ ለእናቴ አልተዋጠላትም። ወንድሜ ግን አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቷን እያሻሸ ያግባባት ጀመር።

«እማዬ፣ ላንቺም ነው እኮ። በአዲሱ ንድፍሽ በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈተው። ይሄ አርጅቷል፣ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል።»

«እስካሁን ምንም አላደረገኝም» አለች።

«ያረጀ ነገር ምን እምነት አለው?»

እናቴ መነጽሯን አውልቃ አየችው። «እኔም አርጅቻለሁ» አለችው።

«ኧረ እማዬ! አንቺና ዕቃ አንድ ናችሁ?»

ሳቀችና ተሸነፈች። ልጇ ነዋ። «ብቻ የሰዎቹን ንድፍ እንዳትነካብኝ።»

«እኔ ልሙት፣ አንዲትም አትጠፋም። በፍላሽ ገልብጬልሻለሁ።»

እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ የኮምፒውተሩ ቦታ ባዶ ነበር። ካርዱን አስቀርቶ ሌላውን ዶክተር ጋ ወስዶታል። አዲሱ እስኪገጣጠም ጥቂት ቀን ፈጀ፤ እናቴም ቀድማ የቆረጠቻቸውን ልብሶች እየሰፋች ቆየች።

አዲሱ የመጣ ዕለት ቤታችን ጭፈራ ቤት መሰለ። መብራቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይላል። ወንድሜ ካርዱን ገጠመ፤ የስክሪኑን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ላይኛው ቀዳዳ ላይ ሰካና አበራው። ስክሪኑ ጨለማ። አጠፋ፣ አበራ። ጨለማ። ላብ በላብ ሆነ። በመጨረሻ ገመዱን ነቅሎ ከታች፣ ካርዱ ላይ ባለው ቀዳዳ ሰካው። ሥዕሉ ቦግ አለ።

«ተመስገን!» አለ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ቆይ እስቲ። በድሮው ኮምፒውተር ላይ የት ነበር የምትሰካው?»

«ምኑን?»

«ገመዱን። አዲሱን ካርድ ከገጠምክ በኋላ፣ የስክሪኑን ገመድ የት ሰካኸው?»

 ዓይኑ ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሄደ፣ ተመለሰ።

«... እዚያው። እንደ ድሮው።»

ላልገባው ሰው ላስረዳ። ላይኛው ቀዳዳ የኮምፒውተሩ የራሱ ነው፤ አሮጌው ፕሮሰሰር ካርድ በሌለበት ዘመን ሥዕልም ጭምር ራሱ እየሣለ ያወጣ የነበረው በዚያ ነው። አዲሱ ፕሮሰሰር መሣል ስለማይችል ስክሪኑ ጨለመ። ወንድሜ ገመዱን እዚያው በመተዉ ያ ሁሉ ደሞዝ የፈሰሰበት ካርድ አንዲት መስመር ሳይሥል ተጎልቶ ከርሟል። ሽማግሌው ብቻውን ሲያስብም ሲሥልም ቆየ፤ ምስጋናው «አንቆ ያዘው» ተብሎ መባረር ሆነ።

ልጮህበት አፌን ስከፍት እናቴ ገባች። ወንበሯን ሳበችና «የመምህርቷን ንድፍ አውጡልኝ» አለች።

መምህርቷ አንገቷ፣ ትከሻዋና ክንዷ በእሳት የተጎዳ ሴት ናት። ተራ ልብስ ጠባሳዋን ይልጠዋል፤ ስፌቱ በየት ማለፍ እንዳለበት የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። አዲስ ትምህርት ቤት ተቀጥራለች፤ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቿ ፊት ትቆማለች። ቀሚሱ ለዚያ ነው።

ወንድሜ ፍላሹን ሰካ። የፋይሎቹ ምልክቶች ተደርድረው ታዩ። የመምህርቷን ነካው። «ፋይሉ አልተገኘም።» የነጋዴውን ነካው። አልተገኘም። የአናጢውን፣ የተማሪዋን... የገለበጠው ፋይሎቹን አልነበረም፤ እናቴ ስክሪኑ ላይ የደረደረቻቸውን ሾርትከት የሚባሉ መክፈቻ ምልክቶች ነው። የበሩን ሥዕል ይዞ ቤቱን ጥሎት መጣ። አንዷን እንኳ ከፍቶ አላያትም።

ወደ ሱቁ እየሮጥን ሄድን። መስታወቱ ውስጥ የኛው ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ እናቴ ለመለኪያ ብላ ፊቱ ላይ የለጠፈቻት የሜትር ቁራጭ እንኳ አልተላጠችም። እላዩ ላይ የወንድሜን ዓይነት ካርድ ገጥመውበት፣ ያው የወንድሜ ጨዋታ እየሮጠ ነው። አልፎ አልፎ ለቅጽበት ያዝ ያደርገዋል እንጂ ይጫወታል! ዶክተር አንዱን ገዢ ትከሻውን አቅፎ ያሳየዋል።

«ፕሮሰሰሩን እንዳትንቀው፣ አለቃ! የድሮ ዕቃ እንደ ድሮ ሰው ነው፣ አይበገርም።»

ወንድሜ ገፍቶ ገባ። «ዶክተር... ለኔ ጡረታ ይውጣ አላልከኝም?»

«አይ ኮማንደር፣ ላንተ ፍላጎት ያንቃል፣ ለሱ ይበቃዋል» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«ካርዱም ጨዋታውም አንድ ነው!» አልኩት። «የሚለየው የምትሸጠው ነገር ብቻ ነው። ስትገዛ ሽማግሌ፣ ስትሸጥ ጎበዝ!»

«የኔ እህት፣ ገበያዬን አትበትኚብኝ።»

«ገበያህን እግዜር ይበትንልህ። ውስጡ የነበረው፣ የእናቴ ንድፍ ያለበት ዲስክ የት አለ?»

«እሱማ አርጅቶ ነበር። አዲስ ገጥመንለት እሱን ከቁርጥራጩ ጋር ሰጠነው።»

«ለማን?»

«ቁርጥራጭ ለሚሰበስቡት። እነሱ ደግሞ ጨፍልቀው ነው የሚጭኑት፣ አትድከሙ።»

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን አንስታ ደንበኞቿን አንድ በአንድ ትጠራ ጀመር፤ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እንደገና ልለካችሁ ነው» እያለች። ነጋዴው ሳቀ፤ «እኔም ወፍሬያለሁ፣ ደግ አደረጋችሁ» አለ። የተማሪዋ እናት ዘጋችባት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኛ ቤት ያፈሰሰው ወንድ ነው፤ ልቀሚ የተባለችው ግን ያው ሴት ናት።

መምህርቷ ራሷ መጣች። ወንድሜ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ነበር።

«እትዬ፣ አልችልም» አለች። «ያን ቀን የተለካሁት እርስዎ ስለሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ መስታወት ማየት አቅቶኝ ነበር። ሰኞን ይቅርብኝ፣ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ።»

«እህቴ፣ ሥራሽን?»

«ሌላ ይገኛል። ልክ መስጠት ግን እንደገና አልችልም። ደግሞስ ምን ይደረግ፣ የሰፈሩ ሰዎች ዕቃው አርጅቶ ነው አሉኝ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ወንድሜ ዓይኑ ቀልቷል።

«አላረጀም ነበር» አለ። «እኔ ነኝ። ምን እንደነካው ሳላይ ነው የጣልኩት። ፋይልዎንም ገለበጥኩ አልኩ እንጂ ከፍቼ አላየሁትም። ዕቃው ምንም አላጠፋም፤ በእኔ ነው የሚፈረደው።»

መምህርቷ ፊቷን ወደ እናቴ መለሰች። ምን ትበለው? እሱ ኃጢአቱን ስለተናገረ ቀለለው፤ እሷ ግን ሰኞ የምትለብሰው የላትም።

እናቴ ሜትሯን አስቀመጠችና «መጀመሪያ የሰፋሁልሽ ቀሚስ አለሽ?» አለቻት።

«አለ። አርጅቶ፣ ነጥቶ... ቤት ለብሼው እውላለሁ። ሌላ የሚመቸኝ የለም።»

«ልኩ ያለው እሱ ላይ ነው። ስፌቱን ፈትተን እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ እንገለብጠዋለን። ከዚያ መልሼ እሰፋልሻለሁ።»

«ከተቀደደስ? ጨርቁ ሳስቷል፣ እትዬ። እሱም ከሄደ ባዶ እጄን ቀረሁ።»

«አይቀደድም» አለች እናቴ።

መምህርቷ ሄዳ አመጣችው። ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። የእናቴ ዓይን ቀለሙ አንድ የሆነ ክርና ጨርቅ መለየት ስለሚያቅተው የስፌት መተርተሪያውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልፋኝ ለወንድሜ ሰጠችው።

«እማዬ! ለሱ?»

«አንቺ ማየት ታውቂያለሽ» አለችኝ። «መልመድ ያለበት እሱ ነው።»

እስቲ አሁን በዚህ መሐል፣ ለምታነቡኝ፣ የነገሩን ፍሬ ልንገራችሁ። አሮጌ ፕሮሰሰር አዲስ ካርድን ሊጎትት ይችላል፤ አልክድም። ጨዋታው ብዙ ስሌት የሚጠይቅ ሲሆን ይጎትታል፤ ስክሪኑ ትልቅ፣ ሥዕሉ ጥራቱ ከፍ ያለ ሲሆን ደግሞ ሸክሙ ወደ ካርዱ ስለሚዞር ብዙም አይታወቅም። የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጋችሁ ጨዋታው ካልፈጠነ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ፤ ከፈጠነ ተዉት። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጎ ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። የገለበጣችሁትንም ከፍታችሁ እዩ። ሰው ሳያይ «አርጅቷል» ሲላችሁ ምን ሊሸጥላችሁ እንደሆነ ጠይቁት። ዕቃ ላይ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ይህችኑ ቃል በየመሥሪያ ቤቱ በሰው ላይ የሚሰኩ አሉ። ሥራ ሲበላሽ ተነሥቶ ከማየት ይልቅ ሸበቶውን ይቆጥራሉ።

ወንድሜ ቀሚሱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። መምህርቷ ከፊቱ ቆማ እጁን እጁን ታያለች፤ ትንፋሿ ይሰማል። መተርተሪያውን ብብቱ አካባቢ ካለው ስፌት አስጠጋና አንድ ጊዜ ሊስበው ሲል እናቴ እጁን ያዘችው።

«አትቸኩል። ክሩ የቱ ነው፣ ጨርቁ የቱ ነው? መጀመሪያ እይ። ካየህ በኋላ ቁረጥ።»

ጎንበስ አለ። አፍንጫው ጨርቁን እስኪነካ ጎንበስ አለ። ከዚያ አንድ ክር ቆረጠ። አንድ ብቻ። ቀጥሎ ሌላ። ያቆማል፣ ያያል፣ ይቆርጣል። እጅጌው ያለ አንዲት ቅዳጅ ተለይቶ ሲወጣ እናቴ ተቀብላ ወረቀት ላይ አስተኛችውና እርሳሷን በዙሪያው አዞረች። የጠፋው ልክ፣ ጠባሳዋን የሚያልፈው ያ መስመር፣ ወረቀቱ ላይ ታየ። መምህርቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሰኞ ይደርሳል?» አለች።

ወንድሜ ቀና አላለም። ሁለተኛውን እጅጌ እያገላበጠ ክሩን ይፈልግ ነበር።