የክበቡ እንግዶች

«እጅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ፣ ሮሴል። ኋላ የሚቀመጠው ሰው በምን ይይሽ?»

ቢያንካ ይህን ስትናገር ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሮሴል እጇን ከፍ አደረገች። አሥራ አራት ሴቶች መድረኩ ላይ በሁለት ረድፍ ቆመው፣ ከስፒከሩ የሚወጣውን መዝሙር እየተከተሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ግን ከሚያወዛውዙት ግማሹ ምንም ትርጉም የሌለው ነገር ነው።

ሮሴል ይህን የምታውቀው እናቷ መስማት ስለማትችል ነው። አፏን ከመፍታቷ በፊት በእጇ ወተት ጠይቃ ያደገች ልጅ ናት። ኮሌጁ ውስጥ ግን ይህን የነገረችው ሰው አልነበረም። አንደኛ ደረጃ ሳለች፣ እናቷ በር ላይ ቆማ ስትጠራት የምታወጣውን ድምፅ የክፍል ልጆች እያስመሰሉ ዓመቱን ሙሉ ሲስቁባት ከርመዋል። ስለዚህ በነፃ የትምህርት ዕድል ኢሎይሎ ከተማ ወዳለው ወደዚህ የሴቶች ኮሌጅ መሰናዶ ክፍል ስትገባ፣ ስለ ቤቷ የጠየቃትን ሁሉ «እናቴ ልብስ ሰፊ ናት» ብላ ትገላገለው ጀመር።

እዚህ ያለ ክበብ መዋል አይቻልም፤ ኮሌጁን የሚያስተዳድሩት መነኮሳት ተማሪው ሁሉ አንዱ ጋ መመዝገብ አለበት ይላሉ። በምዝገባው ቀን ከክርክር ክበቡና ከማርያም ማኅበር ጠረጴዛዎች መሃል «የምልክት ቋንቋ ክበብ» የሚል ጽሑፍ ስታይ ማመን አልቻለችም። እጇን ሳትደብቅ የምታወራበት ቦታ ያገኘች መስሏት ተሽቀዳድማ ፈረመች።

የክበቡ ሊቀመንበር ቢያንካ ናት፤ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ጥቂት ምልክቶች ከቪዲዮ ለቅማለች፤ የቀረውን ከራሷ ፈጥራለች። ሮሴል በሁለተኛው ሳምንት ላይ ድፍረት አግኝታ ቀረበቻት።

«ማናንግ ቢያንካ» አለቻት፤ ታላቆቻቸውን ሁሉ ማናንግ ነው የሚሉት። «ይሄኛው እንደዚህ አይደለም መሰለኝ።»

«አንቺ ከየት አመጣሽው?»

«የሆነ ቦታ አይቼ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እንዲያምር ብዬ ቀየር አድርጌዋለሁ። ጥበብ ነው እኮ፣ የኔ ቆንጆ። ደግሞ ማን ያርመናል ብለሽ ነው? አዳራሹ በሙሉ የሚሰማ ሰው ነው።»

ሮሴል ወደ ረድፏ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልምምድ በመጣ ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ነው የምትቆመው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የክበቡ ኃላፊ ሲስተር ኮንስታንሲያ እያጨበጨቡ ወደ አዳራሹ ገቡ። «ልጆች፣ ለኮሌጁ ምሥረታ በዓል ቀሚሳችሁን የምትሰፋው ሴትዮ መጥታለች። መስማት አትችልም፤ ስለዚህ ጥሩ ዕድል ነው፣ ተለማመዱባት።»

ከኋላቸው ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የገባችው የሮሴል እናት ነበረች።

ላ ፓስ ገበያ ውስጥ ካሉት ሰፊዎች መሃል እንዴት እሷን እንደመረጧት ሮሴል አታውቅም። እናቷ ግን ወዴት እንደምትመጣ እያወቀች፣ ልጇን ልታስደንቅ ብላ ደብቃታለች። ሳቅ ሳቅ እያላት ረድፉን በዐይኗ ፈለገች፣ አገኘቻት፣ እጇም ሰላም ልትላት ተነሳ። ከዚያ የሮሴልን ፊት አየች። የተነሳው እጅ ዞር ብሎ የራሷን ፀጉር አስተካከለ።

ቢያንካ ወደፊት ወጥታ በሁለት እጇ ትልቅ ክብ እየሠራች ሰላምታ አቀረበች። ሴትዮዋ በትሕትና አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ ድምፅዋ «ስንት ናችሁ?» ብላ ጠየቀች። ከሮሴል አጠገብ የቆመችው ጆሪን ድምፁን ቀድታ ቀስ ብላ ደገመችው። ሁለት ልጆች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እናቷ አልሰማችም፤ የሚንቀጠቀጠውን ትከሻቸውን ግን አየች።

ተራ በተራ ለካቻቸው። ሮሴል ጋ ስትደርስ ሜትሩን በትከሻዋ፣ በወገቧ፣ በክንዷ ላይ እንደማንኛዋም ልጅ አዞረች፤ ካወቀችው አሥራ ስድስት ዓመት የሆናትን ገላ ቁጥር ደብተሯ ላይ ጽፋ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ልምምዱ ሲያልቅ ሮሴል ጆሪንን ኮሪደር ላይ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ለምንድነው የቀዳሻት?»

«ማንን?» ጆሪን ግራ ተጋባች። «ሰፊዋን? አታካብጂ በናትሽ። እሷ እንደሆነ አልሰማችኝም።»

«ሙድ ያዝሽባት።»

«እሺ ያዝኩ፤ አንቺን ምን አገባሽ?»

ሮሴል የያዘችውን ክንድ ለቀቀችና ወደ ውጭ ወጣች። ጂፕኒ በሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ጡጫዋን እንደጨበጠች ነበር፤ ሳንቲም ለማቀበል እንኳ ጣቷ እምቢ አላት።

እናቷ ሩዝ ጥዳ ጠበቀቻት። ሮሴል ቦርሳዋን ወርውራ ፊቷ ቆመች።

«ለምን የማታውቂኝ መሰልሽ?» አለቻት በእጇ።

«ፊትሽ ነዋ ያዘዘኝ» አለች እናቷ። ከዚያ ነገሩን ልታቀል ፈለገች። «ያቺ አለቃችሁ ግን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'ትልቅ ድስት አማስያለሁ'። ጎበዝ ባለሙያ ናት።» ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«አትሳቂ። ሲስቁብሽ ነበር።»

«ዐይን አለኝ፤ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትቆጪም?» የሮሴል እጆች አየሩን በጥፊ የሚመቱ ይመስሉ ነበር። «ለምን ዝም ትያለሽ? እኔ ደሜ ፈልቶ መንገዱ አልታይ ብሎኛል፣ አንቺ ትቀልጃለሽ?»

እናቷ እሳቱን አጠፋችና ማማሰያውን አስቀመጠች።

«በማን ልቆጣ?» አለቻት። «በነሱ ነው፣ ባንቺ?»

እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ምድጃዋ ዞረች። እነሱ ቤት ጀርባ የሰጠ ሰው ንግግር ዘግቷል ማለት ነው።

በማግስቱ ሮሴል ሲስተር ኮንስታንሲያን ቢሯቸው ድረስ ሄዳ አገኘቻቸው። ለበዓሉ ከመስማት የተሳናቸው ማኅበር ስምንት እንግዶች ተጠርተው ፊት ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

«ሲስተር፣ የምናሳየው ምልክት ስሕተት ነው። አይገባቸውም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። «ኢንዳይ» አሏት፤ ትንሽ ልጅን እንደሚያባብሉበት አጠራር። «ቢያንካ ሦስት ወር ሙሉ ደክማለች። አሁን ሞራሏን አንነካም። እንግዶቹም ስለታሰቡ ብቻ ደስ ይላቸዋል።»

«ያልገባቸው ነገር እንዴት ደስ ይላቸዋል?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

ሮሴል ወጥታ በሩን ከሚገባው በላይ አጮኸችው።

የምሥረታው በዓል ቅዳሜ ጠዋት ዋለ። እናቷ ሰማያዊውን ቀሚስ ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላላታለች። ሮሴል «ትመጫለሽ?» ብላ ስትጠይቃት «ሥራ ይዣለሁ» ብላ በአጭሩ መለሰችላት። ያን ቀን ሥራ አልነበራትም።

አዳራሹ በወላጆች ጢም ብሏል። አስተዋዋቂዋ «ቀጣዩ ዝግጅት ድምፅ ለሌላቸው ወገኖቻችን የተበረከተ ስጦታ ነው» አለችና ጭብጨባው ቀለጠ። ስምንቱ እንግዶች ሌላው ሲያጨበጭብ አይተው እነሱ እንደሚያጨበጭቡት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አርገበገቡ። መዝሙሩ ተጀመረ።

ሮሴል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆማ እጇን እንደሌሎቹ ታወዛውዛለች። ዐይኗ ግን ፊት ወንበር ላይ ነው። አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች እንግዳ አጠገቧ ወዳሉት ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ዞራ በእጇ ጠየቀች።

«ምን እያሉ ነው?»

«እኔም አልገባኝ» አሉ ሰውየው። «ግን ቆንጆ ልጆች ናቸው። ሳቂ፣ ፎቶ ያነሱናል።»

ሴትዮዋ ለካሜራው ሳቀች።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ይህን ንግግር የሰማች ሮሴል ብቻ ነበረች። እጇ ወረደ። አጠገቧ ያለችው ጆሪን «ምን ሆነሻል? ቀጥይ» አለቻት በሹክሹክታ። ሮሴል ረድፉን ጥላ ወጣች። በመድረኩ ጎን ያለውን ደረጃ ወርዳ እንግዶቹ ፊት፣ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታ ቆመች፤ የሚዘመረውንም ካለበት ስንኝ ተቀብላ በትክክለኛው ቋንቋ መናገር ጀመረች። እጇ አልቀለጠፈም። ስምንቱ ግን ከወንበራቸው ወደፊት አዘነበሉ። ለካሜራው የተዘጋጀው ሳቅ ከቀይ ሹራቧ ሴት ፊት ጠፋ፤ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ቃል በቃል ትከተላት ጀመር።

«ሮሴል» አለች ቢያንካ ከላይ፣ በጥርሷ መሃል። «ሮሴል፣ እያዋረድሽን ነው። ተመለሺ።»

አልተመለሰችም። መዝሙሩ እስኪያልቅ ተረጎመች። ሲያልቅ እንደ መጀመሪያው ያለ ጭብጨባ አልተሰማም፤ ሕዝቡ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። ልጆቹ መድረኩ ላይ እንደቆሙ ወደ ታች ያዩአታል። ሲስተር ኮንስታንሲያ በመተላለፊያው ወደ እሷ እየመጡ ነው።

ሽበታሙ ሰውዬ እጃቸውን አነሱ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

መልሱን በእጇ ብቻ ብትሰጣቸው ከስምንቱ በቀር የሚያውቅባት አልነበረም። ሮሴል ይህን አሰበችበት። ከዚያ መድረኩም እንግዶቹም እንዲያዩአት በጎን ዞረች። ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፍታ ጉንጯን ነካች፤ እናቷ መስማት በማይችሉት ዘንድ የምትታወቅበት ስሟ ነው። አፏንም ከፈተች።

«የኔኒታ ልጅ ነኝ» አለች፣ በእጇም በድምፅዋም። «የላ ፓስ ገበያዋ ሰፊ። እነዚህን ቀሚሶች የሰፋችው።»

ከላይ ማንም አልሳቀም። ሲስተር ከኋላዋ ስሟን ጠሩ። ሮሴል አልዞረችም፤ ሰውየው ሌላ ነገር ሊጠይቋት እጃቸውን እያነሱ ነበር።