ትንሿ በርሜል

«አሽትቺልኝ እስቲ» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ። «ጉንፋኑ አፍንጫዬን ደፍኖታል። ዓርብ ስለሆነም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ዛሬ የማምነው ያንቺን አፍንጫ ነው።»

ቤዚ ወደ ትንሿ በርሜል ጎንበስ አለች። ውታፉ ሲነቀል የወጣው ሽታ ጉሮሮዋን ቧጠጠው። የማር ሽታ አልነበረም፤ ኮምጣጤ ነው።

ቀና ስትል ዐይኗ ከኒቆዲሞስ ዐይን ጋር ገጠመ። የአክስቷ ልጅ ከትንሿ በርሜል ቧንቧ ጋር የተያያዘውን የመቅጃ ጎማ ይዞ ከትልቁ በርሜል አጠገብ ቆሟል። ከንፈሩን ነከሰባት።

ፈላና በር አካባቢ ባለው በዚህ ቤት፣ ፎቁ ላይ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ትልቁ በርሜል ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ማሩን ከሶፊ ገጠር ገዝተው ጠጁን የጠነሰሱት የኒቆ አባት ጋሽ አባይነህ ነበሩ። ጠጁ ዓመት ሳይሞላው ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ማንም ውታፉን እንዲነካ አልፈቀዱም። «ቀን ሙቀቱ ያበስለዋል፣ ሌሊት ብርዱ ያሳርፈዋል» ይላሉ። በየዓመቱ ተንኖ የጎደለውን አዲስ ጠጅ ካለባት ከትንሿ በርሜል ራሳቸው እየቀዱ ይሞሉታል። ዛሬ ደግሞ አሮጌው ጠጅ ብቻውን ስለሚከብድ፣ የትንሿን ቀላቅለው ሊያለሰልሱትና ለትልቋ ልጃቸው ለብሌን ሠርግ በጠርሙስ ሊያሽጉት ነው።

ከወር በፊት ኒቆ ለጓደኞቹ ከትንሿ በርሜል ሁለት ጠርሙስ ቀድቶ፣ ጉድለቱን በቧንቧ ውሃ ሲሞላ ቤዚ ደረጃው ላይ ሆና አይታዋለች። «አታካብጂ፣ ማን ያውቃል?» ብሏት ነበር። ዝም አለች። ከድሬዳዋ ገጠር መጥታ እዚህ ቤት ስትገባ፣ የሰፈሩ ልጆች «ፋራ» እያሉ ሲስቁባት ከጎኗ የቆመው እሱ ብቻ ነበር።

«እህ? ደህና ነው?» አሉ እትዬ።

«ደህና ነው እማዬ! እኔም አሽትቼዋለሁ» ኒቆ ቀደማት።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ጎማውን ክተት። ቤዚ፣ የትንሿን ቧንቧ ክፈቺ።»

ኒቆ የጎማውን ጫፍ ትልቁ በርሜል ውስጥ ከተተ። ቤዚ ቧንቧውን ያዘች። ጣሪያው በፀሐይ ጠሽ ጠሽ ይላል፤ ላብ በጀርባዋ ወረደ። ግማሽ ዙር ብታዞረው የጋሽ አባይነህ ጠጅ አለቀለት።

«ክፈቺው እንጂ፣ ምን ሆነሻል?»

እጇን አነሳች። «ኮምጥጧል፣ እትዬ።»

እትዬ ወለተሥላሴ ቀስ ብለው የእንጨቱ ዱካ ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን በትልቁ በርሜል ላይ አሳረፉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ውታፉን ሳላጠብቅ ቀርቼ ነው። ይኸው አረጀሁ። ይህንንም ላጠፋብህ ነበር፣ አባይነህ!»

ኒቆ መሬት መሬት ያያል። ቤዚ ጠበቀችው።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለች ቤዚ። «እኔ አይቼ ዝም ብያለሁ።»

«ምኑን ነው ያየሽው?»

ቤዚ ዞር ብላ ኒቆን አየችው። አልተቆጣችውም፣ አልለመነችውም።

ኒቆ ጎማውን ከትልቁ በርሜል ቀስ አድርጎ አወጣና ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«ተያት» አለ። «እኔ ልንገርሽ፣ እማዬ።»