የአያ ሞላ የስለት ሙክት

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አልነበርኩም፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ቡዳ በላው የተባለ ጥጃ ሆዱ ሲታይ ትል እንደሚገኝበት አውቃለሁ፣ ይህን የመሰለ ወሬ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ወግድ ነበር የምለው። አሁን ግን ስማኝ፣ ማመን አለማመኑ ያንተ ፈንታ ነው።

ከብልባላ ወጣ ብላ ባለች መንደር ለበግ ሳንባ ምች የተሠራ አዲስ ክትባት እንሞክር ነበር፣ ከፊሎቹን በጎች ክትባቱን፣ ከፊሎቹን ባዶ የጨው ውሃ ወግተን የትኞቹ እንደሚታመሙ እናያለን፣ እስኪያልቅ ድረስ ከመንጋው አንድም በግ አይሸጥም፣ አይታረድም። የመንደሩ ገበሬ አያ ሞላ ደግሞ ሳል ለሞት አድርሷት ስለዳነችው ልጃቸው ስለ እናኑ ለገብርኤል የተሳሉት ነጭ ሙክት ነበራቸው፣ ለንግሡ ይለቀቃል ተብለው ነው ከሙከራው ያስገቡት። ሐምሌ ገብርኤል ሲደርስ መሥሪያ ቤት ደውዬ ለመንኩ፣ አይቻልም አሉኝ፣ ንግሡ አለፈ፣ ሙክቱ ቀረ። በዚያው ሰሞን የእናኑ ሳል አገረሸ። ብርዱ ነው አልኩ፣ ምን ልበል።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት፣ ጉሙ አጠገብህ ያለውን ሰው እስኪጋርድ ወርዶ፣ ከአያ ሞላ ቤት በተያያዘው ጋጣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የበጎቹን ደረት በየተራ አዳምጣለሁ። ከሙክቱ ደረስኩ፣ ምንም የለም፣ ትንፋሽ የለ፣ የልብ ምት የለ። ተበላሸ እንዴ ብዬ የጎኑን በግ አዳመጥኩ፣ ደህና ይሰማል፣ ወደ ሙክቱ ተመለስኩ፣ ጭጭ፣ እሱ ሆዬ ቆሞ ያመሰኳል። ከዚያ የእናኑን ሳል ሰማሁ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀልኩ፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መልሼ ሰካሁ፣ ትስላለች፣ ስሞትልህ አልዋሽህም፣ ከበጉ ደረት ውስጥ ትስላለች።

ሕጉንም እንጀራዬንም ረስቼ የጆሮውን ቁጥር በጠስኩና "አያ ሞላ፣ ይውሰዱት፣ አሁኑኑ ለባለቤቱ ለገብርኤል ይስጡት" አልኩ። እየጎተቱት ጉሙ ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ ስመጣ እናኑ ደጅ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፣ ፊቷ ወዝ አውጥቷል፣ ሳል የሚባል የለም፣ በደስታ እንባዬ መጣ። አያ ሞላ ግን እጄን ይዘው ጥግ ወሰዱኝ።

"ሐኪሟ፣ ሌሊቱን አጠገቧ ነበርኩ፣ ትንፋሿ አልሰማ አለኝ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ጆሮዬ ደክሞ ይሆናል፣ እስቲ በማዳመጫሽ አዳምጪልኝ።"

እናኑ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። እኔም ይህ ለከብት ብቻ ነው የሚሠራው አልኳቸውና ቦርሳዬን ዘጋሁ።

እስከዛሬ በዚያ ሳልፍ ከሩቅ እጇን ታወዛውዝልኛለች። እኔም አወዛውዛለሁ፣ ግን አልቀርባትም።