የዋንጫው ቅዳሜ

ዶይል ፕሪቸት ከሬና ቲድዌል ጋር የተዋወቀው የሰው ቦታ ላይ መኪናውን አቁሞ ተኝቶ ሳለ ነው።

የጀልባ ሠራተኛ ነበር። በቴኔሲ ወንዝ ላይ እህልና ከሰል ሲያመላልስ ሁለት ወር ውኃ ላይ ይከርማል፤ ሁለት ሳምንት የብስ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ከጀልባ ወርዶ ሲነዳ አደረና ታልማን ከተማ ሲደርስ እንቅልፍ አሸነፈው። ከኮሌጁ ስታዲየም ጀርባ፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ ትልቅ የፔካን ዛፍ አየና ከጥላው ሥር ገባ። ዕለቱ ቅዳሜ መሆኑን አላሰበም። ቀበሮዎቹ የሚጫወቱበት ቅዳሜ መሆኑንማ ከነጭራሹ አላወቀም። ቀበሮዎቹ የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ማለትም ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ፣ ቡድን ናቸው፤ በዚያ የአላባማ ክፍል ይህን የማያውቅ ሰው ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ እንደ ዶይል ወንዝ ላይ የሚኖር ነው።

መስታወቱ ሲንኳኳ ባነነ። ወይን ጠጅ ሹራብ የለበሰች ልጅ ጎንበስ ብላ ታየዋለች።

«ወንድሜ፣ ዕድሜህን የምትወድ ከሆነ ከዚህ ተነሥ» አለችው።

«ምን አጠፋሁ?»

«አባቴ በጨዋታ ቀን ከዚህ ዛፍ ሥር ሥጋ ማጨስ የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። እዚያ ቆሞ እያየህ ነው። ቀና ብለህ እንዳታየው ብቻ!»

ዶይል ቀና ብሎ አየው። አንድ ግዙፍ ሰው መቆንጠጫ እንደ ጎራዴ ይዞ ቆሟል።

«ሬና! ያ ልጅ ሞቷል ወይስ የባላንጣችን የኮብ ደጋፊ ነው?» ብሎ ጮኸ ሰውየው።

«አልሞተም አባዬ!»

«እንግዲያው ሁለተኛው ነው!»

ዶይል ከድንጋጤው የተነሣ ቁልፉን ቢያዞር፣ ደግሞ ቢያዞር፣ መኪናው አልነሣ አለው። በመጨረሻ ሬናና ሦስት ጎረምሶች ገፍተው አወጡለት። እሱ መሪውን ይዞ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ሬና የተጨሰ የአሳማ ሥጋና አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ አመጣችለት።

«ስምህ ማነው?»

«ዶይል።»

«ሌላስ?»

ዶይል ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እሷ ሣቀች። እሱ ያን ሣቅ ይዞ ወንዝ ወረደ፤ ሁለት ወር ሙሉም አብሮት ሠራ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ከዛፉ ሥር ይገኝ ጀመር። ስታዲየምም አብሯቸው ይገባል። ሰው ሁሉ ሜዳውን ሲያይ እሱ የሚያየው ሬናን ነበር። ሕዝቡ ሲጮህ ማን እንዳገባ ከፊቷ ላይ ያነባል። አንድ ቀን ይህን አወቀችበት።

«ሜዳው እኮ በዚያ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ዶይል። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ከአፉ እስኪወጣ አንድ ዓመት ፈጀ። ሲወጣ ግን ቀለበት ይዞ ነው የወጣው።

ችግሩ የመጣው ቀን ሲቆረጥ ነው። የዶይል ጀልባ ከጃንዋሪ ጀምሮ ወደ ታችኛው ወንዝ፣ ወደ ኒው ኦርሊንስ ተዛውሯል፤ እስከ ጁንም አይመለስም። ተጋብተው አብረው መውረድ ፈልገዋል። ከዚያ በፊት ያለው ዕረፍት ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ቅዳሜ አለው፤ በሁለተኛው ቤተ ክርስቲያኑ በልጆች የገና ድራማ ተይዟል። የቀረው የመጀመሪያው ነው።

የሬና አባት ሃርላን ቲድዌል ይህን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ።

«የዋንጫው ፍጻሜ ቀን ነው» አለ።

«የማን ዋንጫ?» አለች ሚስቱ ኦፓል።

«የኛ ነዋ!»

«አንተ ሃርላን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ፍጻሜ የደረሳችሁት ይቺ ልጅ ሳትወለድ አይደለም?»

«ለዛ እኮ ነው! ተራችን ደርሷል።»

«አባዬ፣ አምና እኮ ሁለት ጨዋታ ነው ያሸነፋችሁት።»

«እሱ አምና ነው» አለ ሃርላን፤ ለእሱ ክርክሩ አለቀ። በዚያ አገር በጨዋታ ቀን የሚጋባ ሰው በቀብር ቀን እንደሚደንስ ይቆጠራል። ጥሪ የደረሳቸው ዘመዶችም «ቀበሮዎቹ ካልደረሱ እንመጣለን» ብለው መለሱ። የሚያጋባቸው ፓስተር ሂክስ እንኳ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔ መቼም የእግዚአብሔር አገልጋይ ነኝ፤ ግን ትኬቴን ማን ይወስደዋል?» አለ።

ሴፕቴምበር ገባና ይባስ ብሎ ቀበሮዎቹ አከታትለው አራት አሸነፉ። ከተማው አበደ። ፀጉር ቆራጩ የቡድኑን ቀለም፣ ወይን ጠጅ ሪቫን፣ ማበጠሪያው ላይ አሰረ። ሃርላን በሚስማርና በቀለም መደብሩ ደጃፍ ላይ «ዘንድሮ!» የሚል ጨርቅ ሰቀለ።

አምስተኛው ከማርሌይ ጋር ነበር። ማርሌይ የመጨረሻው ደረጃ ቡድን ነው፤ ሕዝቡ ስታዲየም የገባው ለድል ሳይሆን ስንት ለስንት እንደሆነ ለማየት ነው። ዶይልም ዕረፍት ላይ ስለነበረ ከሬናና ከአባቷ መካከል ተቀምጧል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀጭን የማርሌይ ልጅ ኳሷን ታቅፎ ሮጠ፤ አንዱን አመለጠ፤ ሌላውን አመለጠ፤ የጎል መስመሩን አልፎ ማርሌይን በነጥብ አስቀደመ። ፊሽካው ተነፋ።

ስታዲየሙ ጸጥ አለ። የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ተመስገን!»

ዶይል ነው። ሳያስበው፣ ከሆዱ ውስጥ ነው የወጣው። የፊተኛው ረድፍ ሁሉ ዞሮ አየው። ሃርላን ቀስ ብሎ ዞረ።

«ምን አልክ?»

«ም… ምንም ሚስተር ሃርላን።»

«ተመስገን ነው ያልከው። ሥጋዬን በልተህ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ተመስገን!»

ሬና የዶይልን እጅ ያዘች። አባትየው ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

በማግሥቱ ከተማው በሙሉ ጠቢብ ሆነ። በሬዲዮ የደወለው ሁሉ አሰልጣኙ ይባረር፣ ኳስ ወርዋሪው ይቀየር ይል ነበር። አንዲት አሮጊት እንዲያውም የኮሌጁን ሙዚቀኞች ነው ጥፋተኛ ያደረገችው። ተሸነፍን ብሎ የተቀመጠ ግን የለም። ሃርላን ምሳ ላይ ጨው ማስቀመጫውንና የሰናፍጭ ጠርሙሱን ቡድን አድርጎ ይደረድራል።

«አልወጣንም! ኮብ ለማርሌይ ይሸነፋል። ለፌንተንም ይሸነፋል። እኛ የቀረውን ሁሉ እናሸንፋለን። መጨረሻ ላይ ፌንተንን ጥለን ፍጻሜ እንገባለን። ቀላል ነው።»

«በአላባማ የጁላይ ሐሩር በረዶ ከጣለ አዎ» አለች ኦፓል። «ሰናፍጩን አምጣው።»

«ሣቂ! እኔ ግን ያን ቅዳሜ ስታዲየም ነኝ። ልጄን ተመስገን ያለው ሰው ራሱ ቤተ ክርስቲያን ይዟት ይግባ።»

ሬና ከማዕዱ ተነሣች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ከዶይል ጋር ሄዱ። ቁጭ ብለው ውኃውን አዩ።

«ይቅርታ» አለ ዶይል። «ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም።»

«እኔም እፎይ ብዬ ተንፍሻለሁ» አለችው። «ልዩነቱ እኔ አፌን ዘግቼ ነው።»

ሣቁ። ቆይቶ ዶይል፦

«እስከ ጁን ብንጠብቅስ?» አለ።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። ‹የሚመጣው ዓመት፣ የሚመጣው ዓመት› ሲል ፀጉሩ ሸበተ። እኔ እንደሱ አልጠብቅም። ባይመጣ ብቻዬን እገባለሁ።»

«ታለቅሻለሽ።»

«አለቅሳለሁ። ግን እገባለሁ።»

ዶይል ፊቷን አየ፤ ያነበበውም አስጨነቀው።

ወደ ጀልባው ከመሄዱ በፊት ለማንም ሳይናገር የሃርላን መደብር ገባ። ሃርላን ሚስማር እየመዘነ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ሚስተር ሃርላን፣ ስለ ቃሌ ይቅርታ። እርስዎ ከሌሉ ሬና እያለቀሰች ነው የምትገባው። እኔ ደግሞ ያን ማየት አልችልም። ቀበሮዎቹ ፍጻሜ ከደረሱ ሠርጉን እኔ አስቀረዋለሁ። ጥፋቱም የኔ ይባል፤ እርስዎ ከእሷ ጋር እንዳይጣሉ።»

ዶይል በሕይወቱ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ሃርላን ሚስማሩን ወደ ከረጢቱ ገለበጠ። ዶይል ወጣ።

ከዚያ በኋላ በጁላይ ሐሩር በረዶ መጣል ጀመረ።

ኮብ ለማርሌይ ተሸነፈ። ለፌንተንም ተሸነፈ። ቀበሮዎቹ አንዱን በጭቃ፣ አንዱን በነፋስ፣ አንዱን ደግሞ በዳኛ ስሕተት አሸነፉ። ያ የጨውና የሰናፍጭ ሒሳብ አንድ በአንድ እውነት ሆነ። ይባረር የተባለው አሰልጣኝ ሐውልት ይቁምለት ተባለ። መንገድ ላይ ሰው ሃርላንን አቅፎ «አንተ ነቢይ!» ይለዋል።

ነቢዩ ግን እየከሳ ነበር። ኦፓል ለሬና «አባትሽ ሌሊት ሌሊት ወጥ ቤት ቁጭ ይላል፤ ሬዲዮውንም አይከፍትም» አለቻት። ሬና የሠርግ ቀሚሷን ቁም ሣጥን ውስጥ ከሰቀለች ወዲህ በሩን አልከፈተችም። ዶይል ከወንዙ ሲደውል ስለ አየሩ ያወራሉ።

የኖቬምበር የመጨረሻው ቅዳሜ ጨዋታ ከፌንተን ጋር ሆነ። ያሸነፈ ፍጻሜ ይገባል። ሬና «ብቻውን አይሂድ» ብላ ከአባቷ ጋር ሄደች። ዶይል ጀልባው ላይ ገመድ እየጠቀለለ ሬዲዮ ይሰማል።

እስከ ዕረፍት ታልማን መራ። ሕዝቡ ቆሞ ይዘፍናል፤ ሃርላን ግን አልቆመም። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይዞ አንድም አልፈለፈለም። ሬና ወደ እሱ ዞረች።

«አባዬ፣ አመመህ?»

«ደህና ነኝ። ጨዋታሽን እዪ።»

በመጨረሻው ደቂቃ ፌንተን አገባና በአራት ነጥብ ቀደመ። ታልማን አንድ ዕድል ቀረው። ኳስ ወርዋሪው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወራት። ኳሷ አየር ላይ ስትቆይ ስታዲየሙ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። የቀበሮዎቹ ልጅ ዘለለ፤ በጣቶቹ ጫፍ ነካት። ኳሷ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ነጠረች፤ ቆመች።

ታልማን ተሸነፈ። ከዚያ ከሬና አጠገብ አንድ ከባድ ድምፅ ወጣ።

«ተመስገን!»

የፊተኛው ረድፍ ሁሉ ዞረ። የኋለኛውም ተንጠራራ።

«አባዬ?»

«ዝም በይ። ሰው ይሰማል።»

«ሰውማ ሰምቷል!»

ሃርላን ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው ልጄ» አለ። «ቢያሸንፉ የቱጋ እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ሰው እንዴት ይህን አያውቅም? ስታዲየም ልሄድ እንደምችል አውቄ ራሴን ፈራሁ። ያ የወንዝ ልጅ ደግሞ መደብር መጥቶ እንዳታለቅሺ ብሎ ሠርጉን እተዋለሁ አለኝ። እኔ አባትሽ ሆኜ አንድ ትኬት መተው አቃተኝ፤ እሱ ግን አንቺን ሊተው ቆረጠ።»

«ምን? ሠርጉን ሊተው?» ሬና ተቆጥታ ሣቀች፤ እየሣቀች አለቀሰች። «አንተም እሱም ሞኞች ናችሁ!»

«እሱ ይብሳል» አለ ሃርላን። «አግቢው።»

ዶይል ግን የጨዋታውን መጨረሻ አልሰማም። ኳሷ አየር ላይ ሳለች ጀልባው ድልድይ ሥር ገብቶ ሬዲዮው ጠፋበት። ድልድዩን ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ።

«ተሸነፍን!» አለች ሬና፤ ከደስታዋ ብዛት ቃሉ ከአፏ እየተንከባለለ። «ዶይል! ተሸነፍን!»

«አባትሽስ?»

«ተመስገን አለ። ጮክ ብሎ! ሰው ሁሉ እየሰማው!»

በስልኩ ውስጥ የውኃ ድምፅ ብቻ መጣ።

«ዶይል? አለህ?»

«አለሁ።»

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየተነፈስኩ» አለ።

የዋንጫው ቅዳሜ ደረሰ። ፌንተንና አንድ ሌላ ቡድን ለዋንጫው ሊፋለሙ ሩቅ ከተማ ሄደዋል። «ካልደረሱ እንመጣለን» ያለ ዘመድ ሁሉ ቃሉን አክብሮ ስለመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ደጃፉ ላይ ወንዶቹ ከወዲሁ «የሚመጣው ዓመት የኛ ነው፤ ቀላል ነው» ይባባላሉ።

ሬና በአባቷ ክንድ ገባች። ሃርላን ባለ ወይን ጠጅ ክራባት ነበር፤ ኦፓል ብትለምነውም አላወለቀም። መሠዊያው ፊት ቆሙ። ዶይል እንደ ልማዱ ሌላ ነገር አያይም፤ የሬናን ፊት ያነባል። ያን ቀን የተጻፈው ሁሉ ደግ ነበር።

ፓስተር ሂክስ መጽሐፉን ገለጠ።

«ይህችን ልጅ ለዚህ ሰው የሚሰጥ ማነው?»

ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ ኦፓል ዓይኗን ጨፈነች። ሃርላን የሬናን እጅ ከክንዱ ላይ አነሣና በዶይል መዳፍ ውስጥ አኖረው።

«እኔና እናቷ» አለ። «ከነቅዳሜዋ።»