የትኬት ቆራጯ ሦስተኛ ስንኝ

የካሴት ዴኩ ቀይ የመቅጃ መብራት በርታለች። ባቡር የሚሏት ልጅ ያየቻት ዓይኗን ከስልኳ ላይ ስታነሳ ነው። ጣቷ ወደ ማቆሚያው ቁልፍ ቢሮጥም ካሴቱ የሚዞረውን ያህል ዞሮ ነበር።

መልሳ አጠንጥና አዳመጠች። ዘፋኟ ሁለተኛውን ስንኝ ጨረሰች፣ ጊታሩ ትንሽ ብቻውን ሄደ፣ ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ምንም። ዝም። ዘፈኑ እንደገና ብቅ ሲል የመጨረሻው አዝማች ላይ ደርሷል። በመሀል የነበረው ሦስተኛው ስንኝ የለም።

«አምላኬ» አለች ቀስ ብላ።

ትክክለኛ ስሟ ባቡር አይደለም። በሕፃንነቷ እየጮኸች ከክፍል ክፍል ስለምትሮጥ አባቷ ያወጣላት ነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ባቡሩም ከቆመ ወራት አልፈዋል። የአባቷ ረዳት ሥራውን ጥሎ ከሄደ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ የምትቀመጠው እዚህ ነው፤ ከሬዲዮ ጥገናው ሱቅ ኋላ፣ ደረጃ ሥር ባለች፣ አንገት ሳይደፉ በማይገባባት ክፍል ውስጥ። ሥራው የሰዎችን አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማፋጠን የለም፣ መዝለል የለም። ትቶ መውጣትም የለም፤ ዴኩ አርጅቶ ካሴት ስለሚበላ አጠገቡ ሰው መቀመጥ አለበት። በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ በኩል የኳስ ድምፅ ይገባል። የሚጫወቱት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ማን እንዳገባና ማን እንዳጭበረበረ ከጩኸታቸው ትለያለች።

የአባቷ ሕግ አንድ ነው፤ ካሴት ዴክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጀርባው ይታያል። ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ከተሰበሩ በላዩ መቅዳት አይቻልም፤ ቀዩ ቁልፍ አልጫንም ይላል። አንዳንድ ሰው ግን የተሰበረውን ቦታ በፕላስተር ይደፍነዋል፤ ያኔ እንደገና ይቀዳል፣ የነበረውም ይጠፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፕላስተሩን መላጥ ነው። ባቡር ይሄን ካሴት አልላጠችውም። ኋላ እልጠዋለሁ ብላ ነው። ከዚያ መልእክት ሲመጣላት ዴኩን አቆመች፤ አንብባ ስትጨርስ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ ቀይዋንና ማጫወቻዋን አብራ ተጫነች። ቀደም ብላ ለሌላ ደንበኛ ባዶ ካሴት ላይ ስትቀዳ ስለነበር ጣቶቿ የለመዱትን አደረጉ።

ደወለች። ዲጄ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ በኮምፒውተር ድምፅ መቁረጥና መቀጠል ስለምትችል በሌላ ስም የሚጠራት አስተማሪ ብቻ ነው።

«ዲጄ፣ ሞቻለሁ።»

«ቀብሩ መቼ ነው? ቀሚስ ላስተኩስ።»

«አትቀልጂ። የሴትዮዋን ካሴት አጠፋሁት። መሀሉን፣ ሦስተኛውን ስንኝ።»

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«የለም። ያመጣችው ራሷ ዘፋኟ ናት። ይቺው ብቻ ናት የቀረችኝ ብላለች አሉ።»

«በሕይወት አለች እንዴ? በይ ፋይሉን ላኪልኝ። የመጀመሪያውን ስንኝ ቆርጬ ክፍቱ ቦታ ላይ እለጥፋለሁ። ጊታሩ እንደሆነ ያው ነው። ማን ያውቃል?» ከዚያ ሣቀች። «ቆይ ቆይ፣ ትናንት የላክሽልኝስ? ፍየሏ!»

ባቡር አስታወሰች። ትናንት ካሴቱ ደህና መሆኑን ስትፈትሽ፣ ስለሰለቻት፣ ለዲጄ የድምፅ መልእክት ልካላት ነበር። ከፍታ ሰማችው። መጀመሪያ የራሷ ድምፅ ነው፤ «ስሚማ ይቺን፣ ጥርሷን ቤት ረስታ ነው የዘፈነችው።» ከዚያ ዘፈኑን እየተከተለች በፍየል ድምፅ ታላዝናለች። ከዚያ ትሥቃለች፣ ረጅም ሣቅ። ከፍየሏ ኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ጠፋ የተባለው ስንኝ አለ።

ደግማ ሰማችው። የራሷን ድምፅ አልፎ መስማት በሰው ግርግር መሀል የሚያወራን ሰው እንደመከተል ነው፤ ቢሆንም በሦስተኛው ጊዜ ቃሉ መጣላት። ዘፈኑ ውስጥ የምትናገረው ሴት ትኬት ቆራጭ ናት። የመጀመሪያው ስንኝ «ስንቱን ሸኝቻለሁ ወደሚሄድበት፣ የኔ መንገድ የታል ትኬት የሌለበት» ይል ነበር፤ ትናንትም ዛሬም በባቡር ጆሮ አልፎ ሄዷል። ሦስተኛው ደግሞ እንዲህ ነው፦

ፊቴን አያውቁትም እጄን ነው የሚያዩት፣
ብጠፋ በመንገድ በምኑ ሊለዩት።

መስኮቱን አየች። እነዚያ ልጆች እሷን ከጠሯት ስንት ጊዜ ሆነ? መጀመሪያ ሰሞን ፍርግርጉን እያንኳኩ «ባቡር፣ ነይ ውጪ» ይሏት ነበር። አሁን ኳሱ ወደዚህ ሲመጣ ብቻ ነው እጅ የሚታየው።

«ዲጄ፣ ድምፄን ከውስጡ ማውጣት ይቻላል?»

«አይቻልም። ላዩ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣብቀሻል። ከፈለግሽ ቃሉን ጻፊና ስጫት። እኔ ግን ለጥፌ ጨርሻለሁ፤ ንጹህ ነው፣ እንደ አዲስ። ልኬልሻለሁ።»

«ባቡሬ!» አለ አባቷ ከፊት ለፊት። «እማማ መጥተዋል። አለቀ?»

ቀጠሮው ለቅዳሜ ነበር፤ ቀድመው መጡ።

ስልኳን ይዛ ወጣች። ዘፋኟ አጭር አሮጊት ናቸው፤ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ካፖርት ለብሰዋል። አባቷ ያቺን ለማንም የማይሰጣትን ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላቸው።

«በእርስዎ ዘፈን ነው ያደግነው፣ እማማ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይለኛል። ካሴት ገዛሁ የሚል ግን አላጋጠመኝም፤ አገር ሁሉ ከጎረቤቱ እየቀዳ ነው ያደገው። አሁን ደግሞ ሁሉም በላዩ ሌላ ቀድቶበታል።» ወደ ባቡር ዞሩ። «አንቺ ነሽ የምትገለብጪው? ጎሽ። ልጆች መጥተው ካልዘፈንሽ ብለው ያዙኝ። አዳራሽ ሁሉ ተከራይተዋል። እኔ መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ የሠራሁት ነው፤ ሁለቱ ስንኝ አልጠፋኝም። ሦስተኛው እልም። ዜማው እዚያ ላይ ይታጠፋል፤ ወዴት እንደሚታጠፍ ሌሊት ሌሊት ብፈልገው አጣሁት።»

«ሁለቱ አይበቃም?» አለች ባቡር።

«በሁለት እግር የሚቆም ወንበር አይተሻል? እሱን ካላገኘሁ ቀርቼ ቤቴ እቀመጣለሁ። መቀመጡን አውቅበታለሁ።»

ቃሉን ጽፋ ብትሰጣቸውስ? ግን የፈለጉት ዜማውን ነው። በልቧ ልታንጎራጉረው ሞከረች፤ የሚመጣላት ፍየሏ ብቻ ናት። ስልኳ ላይ ሁለቱ ፋይሎች አንዱ ካንዱ ሥር ተቀምጠዋል። የዲጄን ብትሰጣቸው አሮጊቷ የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፤ ለካ እንዲህ ነበር የሠራሁት ብለው፣ አርጅቻለሁ ብለው፣ ራሳቸውን ተጠራጥረው ይሄዳሉ። እሷን ማንም አይጠረጥራትም። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሰው የሚያየው እጇን ብቻ ነው።

በሩ ክፍት ነበር። ውጭ አንዱ «ገባ!» ሲል ሌላው «አልገባም!» ይላል።

«አጠፋሁት» አለች።

የአባቷ መፍቻ ሬዲዮው ላይ እንዳለ ቆመ።

«ፕላስተሩን ሳልልጥ ቀዩን ተጫንኩት። ሦስተኛው ስንኝ ካሴቱ ላይ የለም።»

«ባቡር» አለ አባቷ። ባቡሬ አላለም።

የአሮጊቷ እጅ የካፖርቱን ቁልፍ ያዘና ለቀቀ፣ ያዘና ለቀቀ። ባቡር እንዲጮኹባት ፈለገች፤ አልጮኹም። ቦርሳቸውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት፣ እንደሚሄድ ሰው።

«ሌላ ቦታ አለ» አለች ፈጥና። «ስልኬ ላይ። ዜማውም አለ። ግን እኔም አለሁበት።»

«አለሁበት ማለት?»

«እየቀለድኩብዎት ነው፣ እማማ። ለጓደኛዬ የላክሁት ነው። የሚያስቅ አይደለም።»

አባቷ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። አሮጊቷ ባቡርን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት፣ ከፀጉሯ እስከ አገጯ፣ የሰው ፊት እንደሚያጠና ሰው።

«ክፈችው» አሉ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። «ስሚማ ይቺን» አለ የራሷ ድምፅ። ፍየሏ ጀመረች፤ ጠባቧ ሱቅ በሷ ሞላች። አሮጊቷ ከንፈራቸውን ነክሰው ጎንበስ አሉና ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ከፍየሏ ኋላ ጊታሩ ታጠፈ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የቀኝ እጃቸው ዜማውን ተከትሎ አንድ ጣቱን አነሳ፣ ቀጥሎ ሌላውን።

ሣቁ ገና አልመጣም። ባቡር እንደሚመጣ ታውቃለች፣ ረጅም እንደሆነም ታውቃለች። ጣቷን ከማጥፊያው ላይ አንስታ ሁለት እጇን ከጀርባዋ አጣመረች።