የነብሮ መድኃኒት

ወይዘሮ ፅጌ ቤቴል በሚገኘው ቤታቸው፣ ባኞ ቤት ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ እንደቆለፉ ሞተው ተገኙ። ውሻቸው ነብሮ ደጅ ተቀምጦ ያካል፤ እከክ ጀርባውን ከመለጠው ሁለት ዓመቱ ነው።

ኢንስፔክተር ሙሉወርቅ የውሻውን ቁስል በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ደረቅ ነው። ባኞ ቤት የተገኘው የውሻ መድኃኒት ግን ተጋምሷል። አጠገቡ በፌስታል፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ጓንት አለ። ጠርሙሱን አሸተተችና ፊቷን አጨፈገገች። ይሄማ የእህል ተባይ የሚፈጁበት መርዝ ነው።

መጀመሪያ ተከራዩን ወንድይፍራውን ያዘችው።

«መድኃኒቱን ማን አመጣው?»

«እኔ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው የእንስሳት ሐኪም። እኔማ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ።»

«ሌላ የነካው ሰውስ?»

«ልጃቸው ሜሪ። አርብ ዕለት ‹ጽሑፉን ላንብበው› ብላ ጠርሙሱን በር ላይ ተቀበለቻቸው። መኪናዋ ውስጥ ቆይታ ከሆነ ፌስታል ጋር መለሰችላቸው። እሷ እንደሆነ ግቢ አትገባም።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ አንገታቸውን ደፉ። «የጸሎት ኅብረታችን እዚህ ነበር። ሰው እከኩን ሲፈራ ወደ እኔ ቤት አዞርነው። እሳቸውን አልጠራናቸውም። ውሻውን አስወግዱት ስንላቸው ‹ከሱ ሌላ ማን ይጠጋኛል?› አሉን።»

አይ ሰው! አለች ሙሉወርቅ በልቧ።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት በመጣ ማግስት ሜሪንም ጨምራ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ የገባው በአፋቸው አይደለም፤ በቆዳቸው ነው። እከኩ ተጋብቶባቸው ብብትና ወገባቸው ቆስሏል። ክሊኒክ ገብተው ልብስ ማውለቁን አፍረው፣ ተደብቀው የውሻውን መድኃኒት ይቀቡ ነበር። መርዙ የታሰበው ለነብሮ ነው።»

«እኔ የለሁበትም» አለ ወንድይፍራው።

«አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ነብሮን በባዶ እጃቸው ሲያጥቡት ጓንት የገዛላቸው የለም። አርብ ግን ጓንት መጣ። ለእጃቸው የሚሳሳው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አይደል፣ ሜሪ?»

የሜሪ ፊት አመድ መሰለ። «ውሻው እንዲሞት ነው። ልጄን እከኩ ይይዛታል ብዬ ፈርቼ እማዬን አንድ ቀን አላሳቀፍኳትም። እሱ ከሞተ እንደ ድሮው እንገባለን ብዬ ነው። እማዬ ማከኳን ለምን አልነገረችኝም?»

«መቼ ይንገሩሽ? በር ላይ?» አለች ሙሉወርቅ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ደረታቸውና ክንዳቸው ላይ እከክ የለም፤ እሱንም ግን በደንብ ቀብተውታል። አርብ ምን ብለሻቸው ነው?»

ሜሪ ወደ ባኞ ቤቱ በር ዞረች።

«እሁድ ልጄን አመጣልሻለሁ፣ ታቅፊያታለሽ አልኳት።»